የመኪናዬ አላርም ማንም ሳይነካው ሊነጋጋ ሲል ይጮኻል፤ የትኛው ክፍል ነው የሚያሳስተው?

ዕንቅልፍ አልባ፦
ሰላም ለሁላችሁም። መኪናዬ ከፋብሪካ ስትወጣ አላርም ስላልነበራት ከሁለት ዓመት በፊት ለብቻው የሚሸጠውን ዓይነት ገዝቼ በባለሙያ አስገጥሜባታለሁ። እስካለፈው ወር ድረስ አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም ነበር። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን ቀኑን ሙሉ ጸጥ ብሎ ይውልና፣ ሌሊቱንም አጋምሶ፣ ልክ ሊነጋጋ ሲል በድንገት ይለቀዋል። በሪሞት አጠፋዋለሁ፤ መልሼ ስቆልፈው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይደግማል። ወርጄ ስመለከት በሮቹ ዝግ ናቸው፣ መስታወቱም ደኅና ነው፣ በአቅራቢያው ሰው ቀርቶ ድመት አይታይም። የገጠመልኝ ባለሙያ የንዝረት ሴንሰሩን እንድቀንሰው በስልክ ነገረኝ፤ ቀነስኩት፤ ምንም ለውጥ አላመጣም። ሳይረኑን ነቅሎ መተኛት እንደሚቻል አውቃለሁ። ነገር ግን የማላውቀውን ዕቃ ከመንቀሌ በፊት አሠራሩ ቢገባኝ እመርጣለሁና የምታውቁ ብታስረዱኝ።

የሽቦ ወዳጅ፦
ወደ ብልሽቱ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ አላርሙ መኪናዎን አያያትም። በር ተከፈተ፣ ኮፈን ተነሣ፣ አካሏ ተመታ የሚለውን ሁሉ የሚያውቀው ወደ መቆጣጠሪያ ሣጥኑ በሚገቡ ጥቂት ቀጫጭን ሽቦዎች ላይ ያለው ቮልቴጅ ሲለወጥ ብቻ ነው። ሣጥኑ አብዛኛውን ጊዜ ከክሩስኮቶው በስተኋላ ተደብቆ የሚታሰር ሲሆን፣ ውስጡ አንድ ትንሽ ኮምፒውተርና ጥቂት ሪሌዎች፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ማብሪያዎች፣ አሉ፤ የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለው ሬዲዮም እዚያው ነው። በአንድ ወገን ወሬ የሚያቀብሉት ሽቦዎች ይገባሉ፤ በሌላው ወገን ትእዛዝ የሚያደርሱት ይወጣሉ፤ ወደ ሳይረኑ፣ ወደ ፍሬቻዎቹ፣ ወደ በሮቹ መቆለፊያ፣ ሞተሪኖውን ወደሚያቋርጠው ሪሌም ጭምር።

በአብዛኞቹ መኪኖች የበሩ ማብሪያ የሚሠራው በማሳ፣ ማለትም ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር በተያያዘው የመኪናዋ ብረት፣ ነው። በሩ ሲዘጋ ማብሪያው ይጫንና ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ ሲከፈት ስፕሪንጉ ይገፋውና ሽቦው ከመኪናዋ አካል ጋር ይገናኛል። የውስጥ መብራቱ የሚበራውም በዚሁ መንገድ ነው። በአላርሙ ሣጥን ውስጥ ደግሞ ይህንን ሽቦ በቮልቴጅ ወጥሮ የሚይዝ ሬዚስተር አለ። ሽቦው ማሳ ሲያገኝ ቮልቴጁ ይወድቃል፤ ኮምፒውተሩም «በር ተከፈተ» ብሎ ይይዛል። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ቮልቴጁን የጣለው የእውነት የተከፈተ በር ይሁን፣ የተላጠ ሽቦ ይሁን፣ ዝገት መሐል የገባ እርጥበት ይሁን ሣጥኑ የሚለይበት መንገድ የለውም።

የንዝረት ሴንሰሩ ከዚህ ይለያል። በውስጡ ፒየዞ የሚባል፣ ሲነቀነቅ ወይም ሲመታ ራሱ ጥቂት ቮልቴጅ የሚያመነጭ የሴራሚክ ቁራጭ አለ። የሚመነጨው ምልክት አነስተኛ ከሆነ ሳይረኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ጢው ጢው ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ከፍ ካለ ሙሉ ጩኸቱን ይለቃል። የበርና የኮፈን ማብሪያዎች ግን መካከለኛ የላቸውም፤ ተነኩ ማለት ሙሉ ጩኸት ነው። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ልጠይቅዎ። አንደኛ፣ ከጩኸቱ በፊት ማስጠንቀቂያ ሰምተው ያውቃሉ? ሁለተኛ፣ ከጮኸ በኋላ በሪሞት ሲያጠፉት ክሩስኮቶው ላይ ያለችው ቀይ መብራት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ቆጥረዋል? ብዙዎቹ አላርሞች ያስጮኻቸውን ክፍል በብልጭታ ቁጥር ይናገራሉ። ቁጥሩ ከአንዱ አምራች ወደ ሌላው ስለሚለያይ ትርጉሙን ከዕቃው ጋር ከመጣው መመሪያ ላይ ማየት ያስፈልጋል።

ጥያቄ አብዢ፦
ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ፤ ባትሪው ሊሆን አይችልም? የእኔ አላርም ባትሪዬ ሊሞት በደረሰ ጊዜ እንዲሁ እያደረገ አስቸግሮኝ ነበር። ጠዋት ላይ ደግሞ ባትሪ ይደክማል ይባላል።

የሽቦ ወዳጅ፦
ተገቢ ጥርጣሬ ነው፤ እንዲያውም መጀመሪያ መለካት ያለበት እሱ ነው። ጤነኛ የመኪና ባትሪ ምንም ሳይሠራበት ሲያድር 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ወደ 12 ቮልት ከወረደ አብዛኛውን ኃይሉን ጨርሷል ማለት ነው፤ ብርድ ደግሞ ያዳክመዋል። አንዳንድ አላርሞች በርን በማብሪያ ሳይሆን በቮልቴጅ መውረድ ያውቃሉ፤ በሩ ሲከፈት የውስጥ መብራቱ ይበራና ቮልቴጁ በጥቂቱ ዝቅ ስለሚል ማለት ነው። በእንደዚህ ዓይነቱ አላርም መኪናው ከቆመ በኋላ የራዲያተሩ ቬንቲላተር በራሱ ቢነሣ እንኳ ጩኸት ሊከተል ይችላል። ይህ ግን መኪናው በቆመ በደቂቃዎች ውስጥ የሚታይ ጠባይ ነው፤ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ቬንቲላተሩን የሚያስነሣው ነገር አይኖርም።

አላርሙ ራሱ ባትሪውን ይበላል ወይ ለሚለው፣ ደኅና አላርም ተቆልፎ ሲያድር የሚወስደው ከ10 እስከ 20 ሚሊ አምፔር ያህል ነው። ጠቅላላ የመኪናው የቆመበት ፍጆታ ከ50 ሚሊ አምፔር ካለፈ ግን ሌላ የሚያፈስ ነገር መፈለግ ይገባል።

ሪሌ87፦
የንዝረት ሴንሰር ብቻ እንዳይታሰብ። ጠያቂው የአልትራሳውንድ ሴንሰር ካለዎት፣ ማለትም ከፊት መስታወቱ በግራና በቀኝ ሁለት ትንንሽ ዓይን መሳይ ነገሮች ካሉ፣ እነሱንም ይመልከቱ። አንደኛው ወደ 40 ኪሎኸርዝ የሚጠጋ ድምፅ ይልካል፤ የሰው ጆሮ ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ ስለማይሰማ እኛ አናውቀውም። ሁለተኛው ተመላሹን ያዳምጣል። በመኪናው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ ተመላሹ ድምፅ ይዛባል፤ አላርሙም ይነሣል። መስኮት በጣት ስፋት ተከፍቶ ከቀረ ነፋሱ ብቻ ይበቃዋል። ከውስጥ መስተዋቱ ላይ የተንጠለጠለ ጌጥና መኪናው ውስጥ የተዘጋባት ዝንብም ያው ናቸው። በማይክሮዌቭ የሚሠራው ደግሞ የባሰ ጉድ አለው፤ መስታወትን አልፎ ስለሚያይ ስሜቱ ከመጠን በላይ ከፍ ከተደረገ መንገድ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ይከስሳል።

ዕንቅልፍ አልባ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአልትራሳውንድ ሴንሰር የለኝም። ባትሪውን ጠዋት ከመነሣቴ በፊት በቴስተር ለካሁት፤ 12.5 አሳየኝ። ማስጠንቀቂያ የሚባለውንም ሰምቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ በአንድ ጊዜ ሙሉ ጩኸት ነው። ዛሬ እንደጮኸ ወርጄ ሳጠፋው ቀይዋ መብራት አራት ጊዜ ብልጭ አለችና አረፍ ብላ ደግማ አራት ጊዜ። መመሪያውን ከወረቀቶች መሐል ፈልጌ አገኘሁት፤ አራት ማለት ኮፈን ነው ይላል። ነገር ግን ኮፈኑ በደንብ ተዘግቷል፤ በእጄ ጫን ብዬም አረጋግጫለሁ። ታዲያ ያልተከፈተ ኮፈን እንዴት ተከፈተ ይባላል?

የሽቦ ወዳጅ፦
አሁን ደርሰንበታል ማለት ይቻላል። ኮፈኑን ከፍተው ከጠርዙ በአንዱ በኩል፣ ከመኪናዋ አካል ላይ ቀጥ ብላ የቆመች፣ ጣት የምታህል፣ በስፕሪንግ የምትነሣ ማብሪያ ይፈልጉ። ከሥሯ አንዲት ሽቦ ብቻ ትወጣለች፤ ማሳዋን የምታገኘው ከታሰረችበት ብረት ነው። ከአላርሙ ክፍሎች ሁሉ በጣም ርካሿና በጣም የተጎሳቆለችው እሷ ናት። ሣጥኑ በደረቅ ቦታ ተደላድሎ ሲቀመጥ እሷ ግን የሞተሩን ሙቀት፣ የዝናቡን ውሃ፣ የመንገዱን አቧራና ሞተር ሲታጠብ የሚረጨውን ሁሉ ትቀበላለች። አላርም የሚገጥም ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለመብሳት የሚመቸውን ቦታ እንጂ ውሃ የማይወርድበትን ቦታ አይመርጥላትም። ይህን የምለው ሌሎችን ለመክሰስ አይደለም፤ እኔም በጀማሪነቴ አድርጌዋለሁ።

ሊነጋጋ ሲል ብቻ የሚሆንበትን ምክንያት እንደሚከተለው አስባለሁ። ከሌሊቱ ሁሉ የሚበርደው ያ ሰዓት ነው፤ ጤዛ የሚያርፈውም በዚያን ጊዜ ነው። በማብሪያዋ ውስጥ ዝገትና ቆሻሻ ካለ፣ ደረቅ ሲሆን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ሲረጥብ ግን በጥቂቱ ማሳለፍ ይጀምራል። ቮልቴጁን የሚይዘው ሬዚስተር ደካማ ስለሆነ ሙሉ ግንኙነት አያስፈልግም፤ ጥቂት ሺህ ኦም ያለው ሽንቁር እንኳ ቮልቴጁን ጎትቶ ሊያወርደው ይችላል። ፀሐይ ወጥታ ሲደርቅ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሆናል፤ ባለሙያ ጋር ቀን ላይ ቢወስዱት ብልሽት የማይገኝበትም ለዚህ ነው።

እንዳይገምቱ፣ ይለኩት። ሽቦዋን ከማብሪያዋ ይንቀሉና ቴስተሩን በኦም ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ ከማብሪያዋ ምላስ፣ ሌላውን ከመኪናዋ አካል ጋር ያገናኙ፤ ማብሪያዋን በጣትዎ ተጭነው፣ ኮፈኑ እንደተዘጋ አስመስለው ይያዙ። አንድ ጊዜ ቀትር ላይ፣ አንድ ጊዜ በሚጮኽበት ሰዓት ይለኩ። ሁለቱም ጊዜ ማለቂያ የሌለው ሬዚስታንስ ካሳየ እኔ ተሳስቻለሁ፤ ሽቦው የሆነ ቦታ ተላጦ ይሆናል።

ጥንቁቅ፦
ጉዳዩን ለማስፋት ያህል፣ ይህ ሁሉ ድካም ለጩኸት ብቻ ከሆነ የሚያዋጣ አይመስለኝም። አላርም ሲጮኽ ዞር ብሎ የሚያይ ሰው እየጠፋ ነው፤ የጠያቂው ጎረቤቶችም እስካሁን ለምደውት ይሆናል። ሌባን የሚያስቆመው ኢሞቢላይዘር ነው። በቁልፉ እጀታ ውስጥ ባትሪ የሌላት ትንሽ ቺፕ አለች፤ ቁልፉ ሲገባ በማስነሻው ዙሪያ ያለው ጥቅል ሽቦ 125 ኪሎኸርዝ ገደማ በሆነ መስክ ኃይል ይሰጣትና ቁጥሯን ትናገራለች። ቁጥሩ ካልተስማማ የሞተሩ ኮምፒውተር ነዳጅ አይሰጥም። በአውሮፓ ኅብረት አዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ ይህ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ አውስትራሊያ በ2001፣ ካናዳ በ2007 ተከትለዋል።

ሪሌ87፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ጩኸት ይጠራል እንጂ አያስቆምም። ጠያቂው ያለዎት አላርም ግን ሞተሪኖውን የሚያቋርጥ ሪሌ ሊኖረው ስለሚችል ይህን ቢያጣሩ ጥሩ ነው። የ30 ወይም የ40 አምፔር ተራ ሪሌ ናት፤ እግሮቿ ላይ 30፣ 85፣ 86፣ 87 እና 87ኤ ተጽፎባቸዋል። ከቁልፉ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ቀጭኑ የትእዛዝ ሽቦ ይቆረጥና አንዱ ጫፍ ከ30፣ ሌላው ከ87ኤ ጋር ይታሰራል። ሪሌዋ ስታርፍ ሁለቱ ተገናኝተው ስለሚቆዩ መኪናው ይነሣል። አላርሙ ተቆልፎ ሳለ ማንም ቁልፉን ቢያዞር ጥቅል ሽቦዋ ኃይል አግኝታ ምላሷን ከ87ኤ ትስባለች፤ ሞተሪኖው ዝም ይላል።

የእኔ ቅሬታ በ87ኤ ላይ ነው። ሌባው የአላርሙን ሣጥን አግኝቶ ሽቦውን ቢበጥስ ሪሌዋ ታርፋለች፤ መኪናው ይነሣለታል። ስለዚህ ሪሌዋ ኃይል ስታገኝ ብቻ ከ30 ጋር በሚገናኘው በ87 መታሰር አለበት እላለሁ፤ ያን ጊዜ ሣጥኑ ሲሞት መኪናውም አብሮ ይሞታል።

የሽቦ ወዳጅ፦
ክርክሩ እውነት አለው፤ ነገር ግን ሣጥኑ የሚሞተው በሌባ እጅ ብቻ አይደለም። አንዲት ፊውዝ ብትቃጠል፣ በ87 የታሰረ መኪና ባለቤቱን ሰው በሌለበት ቦታ ያስቀረዋል። ለእኔ 87ኤ አድርጎ ሣጥኑን ለማግኘት ግማሽ ሰዓት በሚያስፈልግበት ቦታ መደበቅ ይሻላል። የሁለታችንም ምርጫ ግን አንድ ነገር ላይ ይስማማ፤ የሚቋረጠው ሞተሪኖው ብቻ ይሁን። የነዳጅ ፓምፑን በሪሞት እንዲያቋርጥ የሚያስገጥሙ ሰዎች አሉ። በጉዞ ላይ ሳለ ሞተር ከጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም እርዳታውን ያጣል፤ በአንድ የላላ ሽቦ ምክንያት ሰው ሊሞት ይችላል። ሞተሪኖው ቢቋረጥ ግን እየሄደ ያለ መኪና ምንም አይሆንም፤ ድጋሚ አይነሣም እንጂ።

ጥያቄ አብዢ፦
ሪሞቱንስ በሬዲዮ ቀድቶ መክፈት አይቻልም? ሌቦች ምልክቱን ይቀዳሉ ሲባል እሰማለሁ።

ሪሌ87፦
ድሮ ይቻል ነበር። የቀድሞዎቹ ሪሞቶች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ስለሚልኩ ቀድቶ መልሶ ማሰማት ይበቃ ነበር። የአሁኖቹ በ315 ወይም በ433.92 ሜጋኸርዝ የሚልኩት ቁጥር በየጫናው ይለዋወጣል፤ ሪሞቱና ሣጥኑ እኩል የሚቆጥሩት ቆጣሪ አላቸውና ያለፈ ቁጥር ተቀባይነት የለውም። ለምሳሌ ኪሎቅ በተባለው ሥርዓት ሣጥኑ ከመጨረሻው ቁጥር ቀጥለው የሚመጡትን 16 ቁጥሮች ወዲያው ይቀበላል። ልጅ ሪሞቱን ከመኪናው ርቆ ሲጫወትበት ከዚያ በላይ ካሳለፈው አንድ ጊዜ መጫን አይበቃም፤ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ሲጫን ሣጥኑ ቆጠራውን ያስተካክላል። «ሪሞቴ አንዳንዴ በሁለተኛው ነው የሚሠራው» የሚል ሰው ሁሉ ሪሞቱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ይህም ቢሆን ፍጹም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ሳሚ ካምካር የተባለ ተመራማሪ የመጀመሪያውን ጫና እያፈነ የሚቀዳ ትንሽ መሣሪያ አሳይቷል። ባለቤቱ አልሠራ ሲለው ደግሞ ይጫናል፤ መሣሪያው ሁለተኛውንም አፍኖ ይቀዳና የመጀመሪያውን ለመኪናው ያሰማል፤ ሁለተኛው ቁጥር ሳይቃጠል በመሣሪያው እጅ ይቀራል። ከኪስ ሳይወጡ በሚሠሩት ቁልፎች ደግሞ ነገሩ ይቀላል፤ ሁለት ሰዎች አንዱ በመኪናው፣ አንዱ በቤቱ በር አጠገብ ቆመው ምልክቱን ያቀባብሉታል። የተዘጋ የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ቁልፉን ማስቀመጥ ይህንን ይከላከላል፤ ክዳኑ በደንብ መግጠሙን ግን መኪናው አጠገብ ሄዶ መሞከር ነው።

ጥንቁቅ፦
ስለ ሳይረኑ ማንም ስላላነሣ አንድ ነገር ልጨምር። የራሱ ባትሪ ያለው ሳይረን ከሆነ የመኪናው ባትሪ ሲነቀል በራሱ ኃይል ይጮኻል፤ ጥሩነቱ ይህ ነው። ነገር ግን ያቺ የውስጥ ባትሪ ከዓመታት በኋላ ታረጅና ፈሳሿ ሰሌዳውን ይበላዋል። የእኔው ሳይረን አንድ ሌሊት አላርሙ ሳይነሣ፣ ፍሬቻዎቹም ሳይበሩ፣ ብቻውን ጮኸ። ፈትቼ ስከፍተው ባትሪዋ አብጣ አረንጓዴ ዱቄት ለብሳ አገኘኋት። ፍሬቻ ሳይበራ የሚጮኽ አላርም ያለው ሰው ሴንሰሮቹን ከመመርመሩ በፊት ሳይረኑን ይጠርጥር።

ዕንቅልፍ አልባ፦
ውጤቱን ይዤ ተመልሻለሁ። ማብሪያዋን በግራ በኩል፣ የፊት መስታወቱ ውሃ በሚወርድበት ቦይ አፍ ላይ አገኘኋት። የላይኛው የላስቲክ ቆቧ ተሰንጥቋል፤ አንገቷ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዝገት ተጋግሯል። ቀትር ላይ ስለካት ቴስተሩ ምንም አላሳየም፤ ማለቂያ የለውም። ትናንት ሊነጋጋ ሲል ጩኸቱን ሳልጠብቅ ወርጄ ለካሁ። ብረቱ በጤዛ ረጥቦ እጄን ያቀዘቅዘኝ ነበር። ተጭኜ እንደያዝኳት ቴስተሩ 2.8 ኪሎ ኦም አሳየ፤ ቁጥሩም ቆሞ አይቆምም፣ ወደ 3 ይወጣና ይመለሳል። በአፌ ትንፋሽ ሳሞቃት ደግሞ ወደ 2 ወረደ።

ሽቦዋን ነቅዬ በናስትሮ ጠቅልዬ አሰርኳት፤ ከዚያ ወዲህ አራት ሌሊት አልጮኸም። የንዝረት ሴንሰሩንም ወደ ነበረበት መልሼዋለሁ፤ ያለ ጥፋቱ ቀንሼው ነበር። አዲስ ማብሪያ ገዝቻለሁ። የምጠይቀው የመጨረሻ ነገር፣ በዚያው ቀዳዳ ልሰራት ወይስ ሌላ ልብሳ? ግሪስ ብቀባትስ?

የሽቦ ወዳጅ፦
በዚያው ቀዳዳ አይሰሯት፤ በዓመቱ ተመልሰን እዚሁ እንገናኛለን። ከቦዩ ከፍ ያለና ኮፈኑ ሲዘጋ ማብሪያዋን ቀጥ አድርጎ የሚጫናት ቦታ ይፈልጉ። የምትነሣበት ርዝመት እንዲበቃ፣ ትንሽ ጭቃ ወይም ሊጥ ጫፏ ላይ አድርገው ኮፈኑን አንዴ ዘግተው ይክፈቱና ምን ያህል እንደተጨፈለቀ ይዩ። ከመብሳትዎ በፊት ከብረቱ ጀርባ የሚያልፍ ሽቦ ወይም ቱቦ አለመኖሩን በእጅዎ ይዳብሱ። ማብሪያዋ ማሳዋን ከዚያ ብረት ስለምታገኝ በምትታሰርበት ዙሪያ ቀለሙን ይፋቁ፤ ካሰሯት በኋላ የተፋቀውን ቦታ ቀለም ይቀቡት፤ አለበለዚያ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። ለኤሌክትሪክ ግንኙነት ተብሎ የሚሸጠውን የሲሊኮን ግሪስ በላስቲኩ ሥርና በሽቦው ምላስ ላይ በስሱ ቢያደርጉ ይጠቅማል፤ የጎማ ቋት የሚቀባውን ተራ ግሪስ ግን አያድርጉ፤ አቧራ ይሰበስባል። አሮጌው ቀዳዳ በላስቲክ ይደፈን፤ ክፍት ከተተወ ውሃው ወደ ውስጥ ይወርዳል።